ለመፍጠን የሚገዛ ጎማ፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ መኪና ጎማ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ከእኛ መካከል የራሱ መኪና ያለው በጣት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን አባት ወይም አጎት ጎማ ሊገዛ ሲነሣ፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ አይደለህም? እስቲ የትኛው ይሻላል?» ተብሎ የሚጠየቀው ተማሪው ነው። ከዚህም በላይ የአፋር ተወላጅ የሆኑት ጓደኞቻችንም ሆኑ ወደ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የተመደቡት በየዓመቱ በዚያ መንገድ ሲመላለሱ ነፍሳቸውን ለሌላ ሰው ጎማ አደራ እየሰጡ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የባለመኪናዎች ብቻ አይደለም።

የጎማ ሻጮች «ስፖርት ጎማ» ወይም «ፐርፎርማንስ» እያሉ የሚያቀርቡት ዐይነት አለ። ጎኑ አጭር፣ ፊቱ ሰፊ፣ ላስቲኩ ለስለስ ያለ ነው። ሲመሰገንም «መኪናው ሲነሣ መሬት ቆንጥጦ ይይዛል፤ ካሚዮን ደርቦ ለመቅደም ወደር የለውም» ይባልለታል። ለአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ምስጋናው ቢገባውም ባይገባውም ለጊዜው እንተወው። እዚህ የምንመረምረው በአዋሽና በሰመራ መካከል ባለው መንገድ ላይ፣ ለመፍጠን ተብሎ የተገዛ ጎማ በእርግጥ የሚሰጠው ጥቅም ምን እንደ ሆነ ነው።

መንገዱን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እንግለጸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 1,000 ሜትር ግድም፣ ሰመራ ደግሞ ወደ 430 ሜትር ግድም ትወርዳለች። ከአዋሽ ወጥቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አልፎ ሰመራ የሚደርሰው አስፋልት ወደ ጋላፊና ጅቡቲ ይቀጥላል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ከተዘጋብን ወዲህ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚመላለሰው በጅቡቲ በኩል ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ከነተሳቢያቸው በሚጓዙ ከባድ መኪኖች የተሞላ ነው። በጋው ሲበረታ አየሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የአስፋልቱ ገጽ ደግሞ በፀሐይ ተጠብሶ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። በዚህ ላይ ግመሉ፣ ፍየሉና ላሙ መንገዱን የሚያቋርጡት በራሳቸው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ላስቲኩ እንመለስ። በፊዚክስ ክፍል የሰበቃ ኀይል የሚወሰነው በክብደትና በሁለቱ ገጾች ጠባይ ነው፤ የሚነካካው ስፍራ ቢሰፋ ቢጠብ ለውጥ የለውም ተብለን ተምረናል። ለእንጨትና ለብረት እውነት ነው። ላስቲክ ግን ይህን ሕግ በሙሉ አያከብርም። ላስቲክ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉብታዎች መካከል ገብቶ ቅርጻቸውን ይይዛል፤ በከፊልም ይጣበቃል። በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ያረፈው ሸክም ሲያንስ በሸክሙ ልክ የሚሰጠው መያዝ ይጨምራል። ሰፊና ለስላሳ ጎማ የተሻለ የሚይዘው ስለዚህ ነው፤ የሻጩ ወሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ጎማ ኀይሉን በሙሉ የሚሰጠው ጨርሶ ሳይንሸራተት ሲቀር ሳይሆን፣ ከመንገዱ ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ቀድሞ ሲዞር ነው። ከዚያ አልፎ በቦታው መሽከርከር ሲጀምር ኀይሉ ይወርዳል። ጭስ እያስነሣ የሚነሣ ጎረምሳ የተመልካቹን ዐይን ይስብ እንደ ሆነ እንጂ ጎማውን ሳያንሸራትት ከሚነሣው ሹፌር ይዘገያል።

እንግዲህ ደርቦ መቅደምን በቁጥር እንየው። 70 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ሰውና ዕቃ ይዛ 1,300 ኪሎ የምትመዝን፣ በፊት ጎማዋ የምትነዳ ትንሽ መኪና እንውሰድ። በመንገዳችን ላይ ሞልታለች። 70 የፈረስ ጉልበት 51 ኪሎዋት ያህል ነው። በማርሽና በማስተላለፊያው የሚባክነው ሲቀነስ ጎማው ዘንድ የሚደርሰው 43 ኪሎዋት ቢሆን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ፣ ማለትም በሴኮንድ 22 ሜትር፣ ጎማው አስፋልቱን ሊገፋ የሚችለው ቢበዛ በ1,950 ኒውተን ነው። በፊት ጎማዎቹ ላይ ካረፈው ክብደት ተነሥተን ስናሰላ ደግሞ ተራ የሆነ ደኅና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ 5,600 ኒውተን ያህል ሊይዝ ይችላል። ሞተሩ የሚጠይቀው ጎማው ሊሰጥ ከሚችለው ከአንድ ሦስተኛው ብዙም አይበልጥም። ሁለቱ የሚገናኙት ፍጥነቱ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ነው፤ ይኸውም በአንደኛ ማርሽ ላይ ሳለን። ከዚያ በላይ ሹፌሩ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም ጎማው አይንሸራተትም። የማይንሸራተተውን ጎማ በበለጠ በሚይዝ መለወጥ ለመቅደም አንዲት ሴኮንድ አያተርፍም።

ታዲያ «ጎማውን ከለወጥሁ ወዲህ መኪናዬ ወደ ሰመራ ስትወርድ ትበርራለች» የሚለው ሰው ዋሸ ማለት ነውን? አልዋሸም፤ ምክንያቱን ግን አሳስቶታል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚስበው አየር ነው። የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው። በሰመራ አየሩ ቢሞቅም ዝቅታው ስለሚያደልበው፣ አዲስ አበባ ላይ 15 ዲግሪ፣ ሰመራ ላይ 40 ዲግሪ ነው ብለን ብናሰላ እንኳ የሰመራው በ15 በመቶ ያህል ይከብዳል። ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበት ያገኛል። መኪናይቱ የበረረችው ቆላ በመውረዷ ነው። ሰውየው ግን ጎማውን በአዲስ አበባ ገዝቶ፣ ልዩነቱን በአዋሽ አይቶ፣ ምስጋናውን ለጎማው ሰጠ።

በዚህ ላይ መቅደም ራሱ ምን ያህል ስፍራ እንደሚፈልግ ማስታወስ ይገባል። በ60 የሚሄድ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና በ80 ሆኖ ለማለፍ፣ ከፊትና ከኋላ የሚተወው ርቀት ሲታሰብ፣ 11 ሴኮንድ ግድም ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ቀዳሚው 240 ሜትር ይሄዳል፤ ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ ሌላ 240 ሜትር ይመጣል። ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያህል ባዶ መንገድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የትኛውም ጎማ ይህን ርቀት አያሳጥረውም።

የተሻለ ጎማ ጥቅሙ የሚታየው ፍሬን ሲያዝ ነው። ሞተሩ የሚነዳው ሁለት ጎማ ብቻ ነው፤ ጉልበቱም የተወሰነ ነው። ፍሬን ግን አራቱንም ይይዛል፤ ጉልበቱም ጎማውን ለማቆም ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ በፍሬን ጊዜ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት የሚወስነው በእርግጥ ጎማው ነው። በ80 ሲሄድ አንድ መንጋ ድንገት ወደ መንገዱ ገባ እንበል። የሰበቃ ቁጥሩ 0.8 የሆነ ጎማ ፍሬኑ ከተያዘበት ጀምሮ በ31 ሜትር ተኩል ላይ ይቆማል። ደርቆ የጠነከረ፣ 0.6 ብቻ የሚይዝ ጎማ 42 ሜትር ይፈልጋል። አንባቢ «አሥር ሜትር ምን አላት?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ስፍራ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ ቀንሶ ግመሉ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። ግመል ደግሞ እግሩ ረዥም ነው፤ ሲገጭ ሰውነቱ የሚያርፈው በመኪናው መስታወት ላይ ነው። ለመፍጠን የሚል ስም ይለጠፍበት እንጂ፣ ጥሩ ጎማ በዚህ መንገድ ላይ ዋጋውን የሚከፍለው መኪናው ሲቆም ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ደረቅ አስፋልት ነው። ለመነሣት የሚያስፈልግ መያዝ በእውነት የሚጠፋበት ስፍራ አለ፤ እርሱም የመንገዱ ዳር ነው። በአዋሽ አርባም ሆነ በሚሌ ሻይ ለመጠጣት ከአስፋልቱ የወረደ መኪና ተመልሶ ሲገባ በፍጥነት ከሚመጡት ካሚዮኖች መካከል ክፍተት ጠብቆ ቶሎ መነሣት አለበት። የሚነሣው ግን ከጠጠርና ከአቧራ ላይ ነው። በዚያ ላይ የሰበቃው ቁጥር ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከሁሉ የሚከፋው አንዱ ነጂ ጎማ በአስፋልቱ ላይ፣ ሌላው በጠጠር ላይ ሲሆን ነው። ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች የሚሰጠው እኩል ኀይል ነው፤ ጠጠር ላይ ያለው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ለሌላውም አይሰጥም። አንዱ ባዶውን ሲዞር ሌላው በጥሩ አስፋልት ላይ ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ መኪናውም በግማሽ መንገድ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ለዚህ ፊቱ ለስለስ ያለና ጥርሱ ጥልቀት የሌለው የስፖርት ጎማ ምንም አይረዳም፤ እንዲያውም ጠጠሩን የሚነክስበት ጠርዝ ስለሌለው ይብሳል። መድኀኒቱ ሁለቱንም ነጂ ጎማዎች አስቀድሞ አስፋልት ላይ አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ ፍሪሲዮን ለቆ መነሣት ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሎግያና የሰመራ ባጃጆች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውታል። ባጃጅ የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ነው፤ ተሳፋሪውም የሚቀመጠው በእነርሱ ላይ ነው። ባዶዋን አሸዋ ላይ ስትዞር የነበረች ባጃጅ ሦስት ሰው ሲሳፈርባት ያለ ምንም ልዩ ጎማ ትነሣለች።

አሸዋን ካነሣን ዘንድ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውን ልማድ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ወደ ኤርታሌና ወደ ደናክል ረባዳ የሚወርዱ የላንድ ክሩዘር ሹፌሮች አሸዋው ላይ ሲደርሱ የጎማቸውን ንፋስ ይቀንሳሉ። ትክክል ናቸው። ግፊቱ በግማሽ ሲወርድ ጎማው የሚረግጠው ስፍራ ወደ እጥፍ ይሰፋል፤ አሸዋውም ሳይሰምጥ ይሸከመዋል። እነዚህ ሰዎች ግን ወደ አስፋልት ሲመለሱ መልሰው ይነፋሉ። ልማዱን በወሬ የሰማው የከተማ ሹፌር «መሬት እንዲይዝ» ወይም «ቆላ ስንወርድ እንዳይፈነዳ» እያለ በጋለ አስፋልት ላይ ንፋስ ይቀንሳል።

ስሌቱ እነሆ። ጠዋት በአዲስ አበባ በ15 ዲግሪ የተነፋ ጎማ በጎሚስታው መለኪያ ላይ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ያሳያል እንበል። መለኪያው የሚያሳየው ጎማው ከውጭው አየር የሚበልጥበትን ብቻ ነው። የአዲስ አበባ አየር ራሱ 11 ያህል ስለሚገፋ፣ በጎማው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 43 ነው። ሰመራ ደርሶ በጥላ ሥር በ40 ዲግሪ ሲያርፍ የውስጡ ግፊት በሙቀቱ ምክንያት ወደ 47 ይወጣል። የሰመራ አየር ግን በበኩሉ ወደ 14 የሚጠጋ ይገፋል። መለኪያው ስለዚህ የሚያሳየው 33 ብቻ ነው። ሙቀቱ የጨመረውን ዝቅታው ወሰደው። «ቆላ ሲወርዱ ጎማ ይወጠራል» የሚባለው ፍርሃት በቆመ መኪና ላይ ሲለካ አንድ ነጥብ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ሲሄድ ግን ይሞቃል። ጎማው 60 ዲግሪ ቢደርስ መለኪያው 36 ያሳያል። የጎማ ሠሪዎች ይህን አስበውበታል፤ በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ የሚለካ ነው፤ በጕዞ ላይ የሚጨምረው ይታወቃል። ሹፌሩ ግን 36 አይቶ ደንግጦ ወደ 32 ያወርደዋል። በማግስቱ ንጋት በ25 ዲግሪ ሲለካ 27 ብቻ ሆኖ ያገኘዋል፤ ቢለካ ነው እንጂ። በዚህ የላላ ጎማ በ90 ሲሄድ የእያንዳንዱ ጎማ ጎን በሴኮንድ 13 ጊዜ ያህል ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ በላስቲኩና በሽቦው መካከል ያለውን ማጣበቂያ ያዳክማል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ተገሽልጦ ይወጣል። በዚያ መንገድ ዳርና ዳር ተበትነው የምናያቸው ጥቁር የላስቲክ ቁርጥራጮች ብዙዎቹ ንፋስ ካነሳቸው ወይም ጭነት ከበዛባቸው ጎማዎች የወጡ ናቸው። ላላ ያለ ጎማ የተሻለ ይይዛል የተባለውም ቢሆን፣ ከላይ እንዳየነው፣ ሞተሩ የማይጠይቀውን መያዝ ነው።

ስለ ዝናብ ብዙ አንልም። በአፋር ዋናው ዝናብ፣ ካርማ የሚሉት፣ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ ሱጉም በመጋቢትና በሚያዝያ ይመጣል። ለወራት የተከማቸው ናፍጣ፣ ዘይትና አቧራ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

እንግዲህ ሱማሌ ተራ ሄዶ ጎማ ለሚመርጥ ተማሪ ምን እንነግረዋለን? የሥዕሉን ውበት ትቶ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። 205/55 አር 16 ሲል 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ሲታሰብ ነው፤ አር ራዲያል ማለት ነው፤ 16 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ቀጥሎ 91 ቪ ካለ፣ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፤ ቪ ማለት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተፈትኗል። በሚኒባስ ጎማ ላይ 195 አር 15 ሲ የሚለው «ሲ» የንግድ መኪና ጎማ መሆኑን ያሳያል፤ አብሮት ያለው 106/104 በነጠላ ሲገጠም 950፣ በጥንድ ሲገጠም 900 ኪሎ እንደሚሸከም ይናገራል። የሚኒባሱ ባለቤት ርካሽ ስላገኘ የቤት መኪና ጎማ ቢገጥም፣ ጣሪያው ላይ ጤፍ ጭነው ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ዕዳውን ይከፍላሉ።

ለአሜሪካ ገበያ በሚሠሩ የቤት መኪና ጎማዎች ላይ ደግሞ ሦስት ምልክቶች አሉ። ትሬድዌር በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ላስቲኩ ለስላሳና ቶሎ የሚያልቅ መሆኑን ያመለክታል። ትራክሽን በኤኤ፣ በኤ፣ በቢና በሲ ይሰጣል። ሻጩ «ይኸው፣ ሲነሣ ይይዛል» ብሎ የሚያሳየው ይህን ነው፤ ፈተናው ግን በርጥብ መንገድ ላይ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ፍሬን ተይዞ የሚደረግ ነው። ስለ መነሣት የሚናገረው ነገር የለም። ለአዋሽና ለሰመራ ዋናው ሦስተኛው ነው፤ ቴምፔሬቸር ይባላል፤ ጎማው ሙቀትን ችሎ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይመዝናል። ኤ የተሻለው፣ ሲ ደንቡ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ነው። ሁለት ጎማ አቅርበውልን በትራክሽን ቢለያዩ እናመነታ ይሆናል፤ በቴምፔሬቸር ቢለያዩ ግን ለቆላው መንገድ ያለ ጥርጥር ኤ የሚለውን እንውሰድ።

ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኀዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ በመጋዘን ውስጥ ሰባት ዓመት ከቆየ አዲስ መባሉ ለዐይን ብቻ ነው። ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። በሰመራ ፀሐይ ላይ ዓመቱን ሙሉ በመኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ የሚከርመው ስኮርታም ለዚህ ምስክር ነው፤ ጣት ሲጫነው ጥቃቅን ስንጥቅ ያሳያል።

አንድ ነገር ግን ስሌታችንን ሊለውጠው መጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ማገዱን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ሞተር የመጠምዘዝ ኀይሉን በሙሉ የሚሰጠው ገና ከቆመበት ነው፤ ማርሽ አይጠብቅም፤ አየር አይስብምና አዲስ አበባና ሰመራ ለእርሱ አንድ ናቸው። ባትሪው ስለሚከብድ ጎማው የሚሸከመውም ይበዛል። ለእነዚህ መኪኖች በመነሣት ጊዜ የጎማ መያዝ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ የፊት ጎማ ነጂ ከሆኑ በተለይ፣ ሲነሡ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ የሚነዱት ጎማዎች ይቀልላሉ። ጎማ ሲለወጥላቸው ሸክሙን የሚያመለክተው ቁጥር ፋብሪካው ካዘዘው ከቶ ማነስ የለበትም።

የቀረችው የገንዘብ ጉዳይ ናት። አራት ጎማ ባንድ ጊዜ መግዛት የሚችል ብዙ አይደለምና ሁለት ብቻ ይገዛል። ለመፍጠን ያሰበ ሰው አዲሶቹን በሚነዱት ላይ፣ ማለትም በብዙዎቹ ትናንሽ መኪኖች ከፊት፣ እንዲገጠሙለት ይጠይቃል። ጎማ ሠሪዎች የሚመክሩት ከኋላ እንዲሆኑ ነው። የፊቱ ቢንሸራተት ሹፌሩ በመሪው ይሰማዋል፤ ቤንዚን ቢቀንስ ይመለስለታል። የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው በራሱ ላይ ይዞራል፤ በገዋኔ መታጠፊያ ላይ በዝናብ ቀን ይህን የሚያርም ሹፌር ጥቂት ነው። ጎሚስታው «ወንድሜ፣ ነጂው እኮ የፊቱ ነው» ብሎ ቢከራከር እንኳ፣ አሮጌዎቹን ወደ ፊት አዛውሮ አዲሶቹን ከኋላ እንዲገጥም በትሕትና ማስረዳት ነው።